የሞሚና እና የዶክተር መኮንን ክርክር

በጭሮ ከተማ መኮንንን በስሙ ብቻ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ከብት ያለውም የሌለውም «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አለመሆኑን፣ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኖ ተመድቦ መጥቶ በዚያው ሥራ ጡረታ መውጣቱን ስንት ጊዜ ተናግሯል፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። ከወረኢሉ ሲመጣ ላጤ ነበር። በሞተር ብስክሌት መሰላን፣ ሂርናን፣ ቦርደዴን እያዳረሰ ከብት ሲከትብ፣ ኦሮምኛውን በረት ውስጥ ቆሞ ከባለከብቶቹ ለመደ። የጭሮዋን ልጅ ዘርፈሽዋልን አገባ፣ ልጆች ወልዶ አሳደገ፣ ልጆቹም ሥራ እየያዙ በየአገሩ ተበተኑ። ጡረታ ስወጣ አገሬ እገባለሁ ይል የነበረው ሰው፣ ጡረታው ሲደርስ ነገሩን ሳያነሳው ቀረ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት የሚሄድበት አንድ ቦታ ነበረው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የሚገኘው የሞሚና ቁርስ ቤት ነው። ሞሚና ፉልና እንቁላል የምትሠራ፣ ባሏ ከሂርና ድሬዳዋ ጫት የሚያመላልስ፣ ፈርዶሳ የምትባል አንዲት ልጅ ያለቻት ሴት ናት። ሌሎች ቁርስ ቤቶች ግድግዳቸው ላይ «ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው» ብለው ይለጥፋሉ። ሞሚና አልለጠፈችም። ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ፖለቲካ የምታወራው እሷ ነበረች።

ሁለቱ የሚከራከሩት ሁልጊዜ ስለ አንድ ሰው ነው፤ ስለ አገሪቱ መሪ። ስሙን አይጠሩም፣ «ሰውየው» ይሉታል። ሞሚና ትደግፈዋለች፣ መኮንን አያምነውም። አንድ ቀን ሰውየው በቴሌቪዥን ቀርቦ ከጎረቤት አገር ጋር በወደብ ጉዳይ ተስማምተናል አለ። በማግስቱ የዚያ አገር መንግሥት አልተስማማንም ሲል መግለጫ አወጣ። ጠዋት መኮንን ገና ወንበር ሳይስብ ጀመረ።

«ሰማሽ? ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል።»

«እና የኛው ነው ያለው ማነው?» አለች ሞሚና፣ ፉሉን እየፈጨች። «ዶክተር፣ እርስዎ ከብት ገበያ ነው የኖሩት። ዋጋ በኩታ ስር በጣት አይደል የሚነገረው? ገዢና ሻጭ ሳይጨርሱ የተባለውን ማን ያወጣል? እነሱም ለዚህ ነው የካዱት።»

«ገና ካልጨረሱ ጨርሰናል ለምን ይላል?»

«ሕዝቡ ተስፋ እንዲያደርግ።»

«ተስፋና ወሬ ይለያያል፣ ሞሚና። ጎረቤት እንዲህ በአደባባይ አስተባብሎን ነገ ማን ቃላችንን ይቀበላል? ውሸቱን ብተወው እንኳ ችሎታም ይጎድለዋል። የሚችል ሰው መጀመሪያ ይፈራረማል፣ ከዚያ ያወራል።»

«መንገዱን የሠራው ማነው? መብራቱስ?»

«መንገዱን አልካድኩም። የጠየቅሁሽ ስለ ወደቡ ነው። ነገ ለወደብ ብሎ ከጎረቤት ያዋጋናል።»

ፉል የሚበሉት ሰዎች ከፊሉ ይስቃሉ፣ ከፊሉ አንገታቸውን ደፍተው ቶሎ ቶሎ ይጎርሳሉ። የዚያን ዕለት ግን ነገሩ ከረረ። መኮንን «አንቺ ሰውየው ቀን ነው ካለሽ በጨለማ ፀሐይ ትሞቂያለሽ» አላት። ሞሚና ስትናደድ «እርስዎ» ማለት ይጠፋባታል። «አንተ ደግሞ ሰው አታምንም። ዕድሜህን ሙሉ የታመመ ከብት ስትፈልግ ኖረህ፣ ደህናውም የታመመ ይመስልሃል» አለችው። መኮንን ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ፣ ከዚያም ቀን ጀምሮ ቁርስ ቤቱን ተወ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ ውሃው ከእጁ ፈሰሰ። ዘርፈሽዋል ድምፅ ሰምታ ስትወጣ ከቧንቧው ሥር ተቀምጦ አገኘችው። አፉ ወደ አንድ ወገን ሄዷል፣ ሊነግራት የሚፈልገው ነገር አለ፣ ቃል ግን የለም። ጎረቤት ተጠርቶ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱት። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና አንደበቱ ግን እንደተያዙ ወደ ቤት ተመለሰ።

ያ ወቅት ለዘርፈሽዋል ከባድ ነበር። ጠያቂ አልጠፋም። ሰንጋ የሚነዳ ገበሬ ሳይቀር ከመሰላ ድረስ ማር ይዞ መጣ። ነገር ግን የመጣው ሁሉ መኮንንን እንደ ሕፃን ያናግረዋል፣ ወይም እሱ እዚያው ተቀምጦ ሳለ «ይሰማል እንዴ?» ብሎ እሷን ይጠይቃል። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሐኪሙ እንዳይናደድ ስላለ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። ፖለቲካ የሚባል ነገር እቤት እንዳይነሳ ዘርፈሽዋል ለመጣው ሁሉ በር ላይ ትነግር ነበር።

ከሆስፒታሉ ነቢዩ የሚባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየመጣ ያሠራው ነበር። ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ ልጅ እግር ነው። እጁን ያነሳሳለታል፣ ብርጭቆ አሳይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ይለዋል። መኮንን ብርጭቆውን አየት ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል።

«እትዬ፣ አልችል ብሎ ብቻ አይመስለኝም» አለ ነቢዩ አንድ ቀን ሲወጣ። «አልፈልግ ብሎ ነው። ብርጭቆ ለማለት ማን ይታገላል? የሚያጓጓው ነገር ምን ነበር?»

ዘርፈሽዋል መልሱን ታውቀው ነበር፤ ግን ፈራች፣ አልተናገረችም።

ሞሚና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትመጣለች። የአጃ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ ትገባለች፣ «አላህ ያሽርዎ» ትላለች፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጇን እያየች ትቆይና ትሄዳለች። የመጨረሻው ንግግራቸው ይቆጫታል። ይቅርታ ልትለው ፈልጋ፣ መልስ የማይሰጥን ሰው ይቅርታ መጠየቅ እሱን ማስጨነቅ መሰላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነቢዩ ብርጭቆውን ይዞ ሲለምነው ሞሚና ደረሰች። መኮንን እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኗል። ሞሚና ፔርሙዙን አስቀመጠች፣ ጫማዋን አውልቃ ወንበሩን ወደ እሱ ሳበች።

«ዶክተር» አለች፣ እንደ ድሮው ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ሰውየው ትናንት የተናገረውን ሰሙ?»

ዘርፈሽዋል ከጓዳ ብቅ ብላ በእጇ ተይ አለቻት። ሞሚና አላየቻትም፣ ወይም አይታ እንዳላየች ሆነች።

«የወደቡ ነገር አልቋል ብሏል። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እሱን አማክረው ነው የሚሠሩት አሉ። እኔ ወላሂ አምኛለሁ። ይህ ሰው ከተሾመ ጀምሮ አንዲት ቀን እንኳ ዋሽቶ አያውቅም።»

መኮንን ዓይኑን ገለጠ። አንገቱን ቀስ ብሎ ከግድግዳው መለሰና አፈጠጠባት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ የግንባሩ ሥር ተገተረ። ዘርፈሽዋል «ሞሚና፣ በማርያም» አለች። ነቢዩ ግን እጁን አንስቶ አስቆማት።

«ሶ…» አለ መኮንን። ምራቁን ዋጠ። «ሶ… ባ።»

ሶባ በኦሮምኛ ውሸት ማለት ነው። ነቢዩ ኦሮምኛ ገና አልጠነከረለትምና «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ዘርፈሽዋል ለመመለስ አፏን ስትከፍት ዕንባዋ ቀደማት። በእናቱ ቋንቋ ውሃም እንጀራም ማለት ያቃተው ሰው፣ አንደበቱ የተፈታው በረት ውስጥ በለመደው ቋንቋ ነው። ሞሚና ሻሿን ወደ ፊቷ ጎትታ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ «እንዴት ነው ሶባ የሚሆነው? ማስረጃዎን ያምጡ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ በሥርዓት ተያዘ። ሥርዓቱን ያወጣችው ዘርፈሽዋል ናት። ነቢዩ የደም ግፊት መለኪያ እንድትጠቀም አስተማራት። ሞሚና ስትገባ ዘርፈሽዋል ግፊቱን ትለካለች፤ ከፍ ካለ የዚያን ቀን ወሬው ስለ ዝናብና ስለ ሽንኩርት ነው። ደህና ከሆነ «ቀጥሉ» ትላለች። ቴሌቪዥኑም ተከፈተ። መጀመሪያ ሶባ ብቻ ነበር። ቀጥሎ «አይደለም» መጣ፣ ቀጥሎ «ማን አለ?»። እሱን ለማለት ብዙ ላብ ፈሰሰ። ዘርፈሽዋል ጓዳ ሆና ስታዳምጥ፣ ድሮ ስንት ጊዜ «ይህን ክርክርህን ተወው፣ አንድ ቀን ያስበላሃል» እንዳለችው ትዝ እያላት ፈገግ ትላለች።

ሞሚና በበኩሏ ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። እሱን ለማናገር ስትል ከምታምነው በላይ ማጋነን ጀምራ ነበር። ሰውየው እንዲህ አደረገ፣ የውጭ መሪዎች እንዲህ ብለው አደነቁት እያለች የሰማችውን ሁሉ ታፈሳለች። ዶክተር ደግሞ አንዲት ቃል ይዞ ይጠብቃታል፤ «የት?» ይላል፣ «መቼ?» ይላል። ድሮ ረጅም ንግግር ያደርግ ስለነበር ንግግሩን አቋርጣ ማምለጥ ትችል ነበር። አሁን ግን ጥያቄው አጭር ነው፣ መልሱም እስኪመጣ ዓይኑን አይነቅልም። እቤቷ ስትመለስ ልጇን ፈርዶሳን በስልክሽ ፈልጊልኝ ትላታለች። አንዳንዱ ይገኛል፣ አንዳንዱ አይገኝም።

በመጨረሻ አንድ ቀን መጥታ «የወደቡን ነገር እርስዎ ልክ ነበሩ» አለችው። «ሳይጨርስ ጨረስኩ ብሏል። ያኔም ልቤ ያውቅ ነበር፣ አፌ ነው እንቢ ያለው። የተናገርኩዎትንም ይቅር ይበሉኝ።»

መኮንን ቀና ብሎ አያት። ደስ ብሎት ይሆናል ብላ የጠበቀችው ዘርፈሽዋል፣ ፊቱ ላይ ያየችው ሌላ ነገር ነበር። ቃል እያሰባሰበ ነው።

«እኔም» አለ። «ጦርነት… አልገባም።»

«ማን?» አለች ሞሚና።

«ሰውየው። ከጎረቤት ጋር… ይዋጋል… ብዬ ነበር። አልተዋጋም። እሱን… ደህና… አደረገ።»

ሞሚና በሶባው ቀን እንዲህ አልደነገጠችም። መኮንን ለሰውየው አንድ ደግ ነገር ሲናገር የሰማ ሰው በጭሮ አልነበረም። በኋላ ነቢዩ ምን እንዳለሰለሰው ሲጠይቀው፣ በዚያው በተቆራረጠ አማርኛ እንዲህ ሲል አስረዳው። ቃል እንደ ልብ ሲገኝ ሰው የሰማውን ሳይጨርስ ይመልሳል፤ ሲጠፋ ግን እስኪያገኘው ድረስ ያዳምጣል። ሲያዳምጣት ደግሞ ሞሚና የምትለው ሁሉ ውሸት አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አልተስማሙም። መኮንን አሁንም ሰውየውን አያምነውም፤ ሞሚናም አሁንም ትደግፈዋለች፣ ቢሆንም ትንሽ እየቆጠበች። ቀኝ እጁ እንደ ድሮው አልሆነም፣ ሻይ በግራ ነው የሚጠጣው። ንግግሩ ግን ከሞላ ጎደል ተመልሷል፤ ሲደክመው ብቻ አማርኛው ይሸሽና ኦሮምኛው ቀድሞ ይደርስለታል። መጀመሪያ በከዘራ ቁርስ ቤቱ የሄደ ዕለት ፉል የሚበሉት ሁሉ ተነሱለት። ሞሚና ከምድጃዋ ሳትነሳ «ዶክተር፣ በዚያ በኩል ይቀመጡ፣ እዚህ ነፋስ አለ» ብቻ አለችው። እሱም ተቀምጦ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየና «ሞሚና፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ሳይቆራረጥ ነው የተናገረው። እቤት ሲለማመደው እንደሰነበተ ዘርፈሽዋል ታውቃለች። ሞሚና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ፉሉን ማማሰል ቀጠለች።

ዘርፈሽዋል ደግሞ በራሷ መንገድ ማመስገን ፈለገች። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቄሱ በጸሎት እንዲያስቧቸው የቤተሰቡን ስም በየተራ ስትሰጥ፣ መጨረሻ ላይ «አንዲት እኅቴ አለች፣ እሷንም ያስቡልኝ አባ» አለች።

«ክርስትና ስሟ ማነው?» አሉ ቄሱ።

«ክርስትና ስም የላትም። ሞሚና ናት።»

ቄሱ ቀና ብለው አዩዋት። ቁርስ ቤቱን ያውቁታል፣ የሆነውንም ነገር ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። «እሺ፣ እግዚአብሔር ያውቃታል» አሉ።

ዘርፈሽዋል ይህን ለሞሚና ስትነግራት ሞሚና እጇን ያዘቻት። ከዚያ «እኔም በዱዓዬ ስማችሁን እጠራለሁ» አለች። «የዶክተር ቀላል ነው። ያንቺ ግን ይረዝማል፣ እትዬ፤ ዘርፈሽዋል ብዬ እስክጨርስ ሰው ሰግዶ ይወጣል።» ሁለቱም ሳቁ። መኮንን ከውስጥ ሆኖ ምን ያስቃችኋል እያለ ሲጣራ፣ ሁለቱም ሰምተው ዝም አሉት፤ እንደገና እንዲጠራቸው ብለው።