የኋላ በር የሌለው ሎጅ

ይህን ጉዞ የሄድኩት ልጄ ሰሚራ «ዓይን ሁኚኝ» ስላለችኝ ነው።

ሰሚራ ወሎ ውስጥ፣ እኔ ተወልጄ ባደግሁባት የሐይቅ ዳር ከተማ፣ በኮንትራት ተቀጥራ ትሠራለች። ሥራዋ በሐይቁ ዳር ሊሠራ ለታሰበው ሎጅ ጽሑፍና ሥዕል ማዘጋጀት ነው። ያንን ወረቀት ይዘው የቀጠሯት ሰዎች ወደ አሜሪካ መጡ፤ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ባለሀብት ለሆኑ የሀገር ልጆች ሊያሳዩት። ሰሚራ ይህን ስትሰማ ደወለችልኝ።

«እማ፣ እኔ እዚያ የለሁም። አንቺ ሂጂና ከኋላ ተቀመጪ። ሲያዩት ፊታቸው ምን እንደሚመስል ትነግሪኛለሽ።»

ከዚያ ቀጥላ፣ «ባለሀብት ካልተገኘ ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል። ፓስፖርቴን ለማንኛውም አውጥቻለሁ» አለች።

ይህን «ለማንኛውም» አውቀዋለሁ። የጎረቤቶቻችን ልጆች ወደ ዓረብ ሀገር ከመሄዳቸው በፊት ሁሉም ለማንኛውም ብለው ነው ፓስፖርት ያወጡት። ዲቪው ለባለቤቴ ሲደርሰው ሰሚራ ሃያ አንድ ዓመት አልፏት ስለነበር እሷን ከእህቴ ዘንድ ትተን መጣን። እሱም በሦስተኛው ዓመት እዚሁ አረፈ፤ አላህ ይዘንለት። አሁን ሎንግ ቢች ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ።

ከሎንግ ቢች ወደ መሀል ከተማ

እሁድ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ሰዓት የምጽፈው እንደ ሀገር ቤት ነው፤ የዚህን ሀገር አቆጣጠር ለሥራ ብቻ ነው የምጠቀምበት። ስብሰባው ሰባት ሰዓት ላይ ሲሆን መንገዱ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው። እኔ ግን ባቡሩ ቢቆምስ፣ አውቶቡሱ ቢያልፈኝስ እያልኩ አስቀድሜ ወጣሁ። አድራሻውን በሁለት ወረቀት ጽፌ አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ፣ አንዱን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ዳቦና ሁለት የተቀቀለ እንቁላልም ያዝኩ።

የባቡሩ ዋጋ አንድ ዶላር ከሰባ አምስት ሳንቲም ነው። በዚያው ክፍያ አውቶቡስ መቀየር ይቻላል፤ ይህንን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በር አጠገብ ተቀመጥኩ። በመስኮት ወንዙ ይታያል። ወንዝ ይሉታል እንጂ ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ የተለሰነ ሰፊ ቦይ ነው፤ መሀሉን ቀጭን ውሃ ይሄድበታል። ከዚያ መጋዘን፣ የመኪና ጋራዥ፣ በረንዳቸው ላይ ልብስ የተሰጣባቸው ትንንሽ ቤቶች እየተከታተሉ አለፉ። ባቡሩ ውስጥ ሁሉም ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቷል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሰበሰበች፤ እኔም የእኔን ሰበሰብኩ። የተነጋገርነው ይህንን ብቻ ነው።

መሀል ከተማ ወርጄ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ። ሾፌሩን «ፌርፋክስ ስንደርስ ንገረኝ» አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀልኝ። መንገዱ ረጅም ነው። የኮሪያኖቹ ሰፈር ሲደርስ ጽሑፉ ሁሉ በእነሱ ፊደል ሆነ። አንዲት ኮሪያዊት አሮጊት አንድ ከረጢት ሙሉ ጎመን ይዘው ሲገቡ ተነሳሁላቸው። አልተቀመጡም፤ ከረጢቱን ወንበሬ ላይ አስቀምጠው እሳቸው ቆሙ። እኔም አብሬያቸው ቆሜ ሄድኩ።

ፌርፋክስ

አምስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ስድስት ዓመት እዚህ ስኖር ወደዚህ ሰፈር ስመጣ ሁለተኛዬ ነው። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ ነው የማነበው። እዚህ ግን ዓይኔ ሳይደክም የሱቁን፣ የምግብ ቤቱን፣ የጠጉር ቤቱን ስም ሁሉ አነበብኩ። አንብቤ ስጨርስ የምገባበት ስላልነበረኝ መንገዱን አቋርጬ በሌላው በኩል ያለውንም አነበብኩ።

ስብሰባው የሚደረገው በአንድ ምግብ ቤት የኋላ አዳራሽ ስለሆነ ፊት ለፊቱ ባለው ክፍል ተቀምጬ ጠበቅሁ። አስተናጋጇ መጣች።

«እትዬ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ምን ላምጣልሽ? ጥብስ አለ፣ ቅቅል አለ።»

«የሙስሊም ሥጋ አላችሁ?»

«ኧረ የለንም፤ እውነቱን ልንገርሽ። ሻይ አለ። በያይነቱ ላድርግልሽ?»

«ሻዩ ይበቃኛል።»

ሻዩ አራት ዶላር ሆነ። ዋጋውን ሳልጠይቅ በማዘዜ ራሴን ተቆጣሁ፤ እንቁላሌንም እዚያ አውጥቼ መብላት አፈርኩ።

አዳራሹ ውስጥ

ሰባት ሰዓት የተባለው ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ተጀመረ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር። መድረኩን የምትመራው ሄለን የምትባል ቤት የምታሻሽጥ ወጣት ነች።

«ሶ፣ ኦኬ፣ ስልካችሁን ሳይለንት አድርጉልን። ከጎን ያለው ሱቅ ግቢ ፓርክ ያደረጋችሁ ደግሞ ቶው ሳያደርጓችሁ አውጡ!»

ሁለት ሰዎች ብድግ ብለው ሮጡ። ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «ተቀመጡ እባካችሁ፣ እሁድ ማንም መኪናችሁን ጎትቶ አይወስድም። ስለ ፓርኪንግ እኔን ጠይቁ» ብለው ሰውን አሳቁ። ጋሼ ተፈራ ይባላሉ። ሀብታቸው የመኪና ማቆሚያ ቦታ እንደሆነና ሌሎቹ ባለሀብቶች እሳቸው ወደሄዱበት እንደሚሄዱ አጠገቤ ያሉት ሲያወሩ ሰማሁ። ስለዚህ የእሳቸውን ፊት ልይላት ብዬ ወንበሬን ትንሽ ወደ ጎን አዞርኩ።

ከሀገር ቤት የመጡት አቅራቢ መብራቱን አስጠፉ። ሐይቃችን በግድግዳው ላይ ታየ፤ ልጅ ሆኜ ውሃ የቀዳሁበት ዳር። ቀጥሎ ሥዕሉ መጣ። አርባ ክፍል፣ ምግብ ቤት፣ የጀልባ ማቆሚያ። ከዚያ የመኝታ ክፍሉ ታየ። ስድስት ትራስ፣ በአልጋው ግርጌ የተነጠፈ ቡናማ ልብስ፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ ባለ ወርቅ ቀለም መብራት። ያንን ክፍል አውቀዋለሁ። እኔ ከምሠራበት ሆቴል ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ነው። ፎቶውን አንስቼ ለሰሚራ የላክሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ነኝ። ለሰሚራ ግን «ክፍሎቹን የምቆጣጠር ነኝ» ብያታለሁ። ክፍሉን አጽድቼ ስጨርስ፣ አልጋው እንደ ወረቀት ሲለጠጥ፣ ፎቶ አነሳና እልክላታለሁ። ልብስ የሚታጠብበትን የምድር ቤቱን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም።

አሁን ሥዕሉን ሳየው ሰሚራ ያሳየኋትን ሁሉ አሳምራ ሠርታዋለች። ያላሳየኋት ግን ሥዕሉ ውስጥ የለም። ልብስ ማጠቢያ የለም። ሠራተኛ የሚገባበት በር የለም። ቆሻሻ የሚወጣበት የለም። ሎጁ ፊት እንጂ ጀርባ የለውም።

ጥያቄ ተጠየቀ። ስለ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ስለ ጸጥታው፣ ስለ መሬቱ ካርታ። አቅራቢው ሁሉንም መለሱ። ጋሼ ተፈራ ግን ምንም አልጠየቁም፤ የታደለውን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በሥዕሉ ዙሪያ ጣታቸውን ያዞራሉ። አንዴ ዞሩት፣ ሁለቴ ዞሩት። ከዚያ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመሩ። ለሰሚራ የምነግራት ፊት ይሄ ነው? ሳላስበው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩ።

«ጋሼ፣ የኋላ መግቢያውን ነው የሚፈልጉት?»

ዞር አሉ። «አንቺ አገኘሽው እንዴ?»

«የለውም። ልብስ ማጠቢያም የለውም።»

«እንግዲያው ተነሽና ተናገሪው።»

«ኧረ እኔ አልችልም፤ እርስዎ ይበሉት።»

«እኔ ስለ መኪና ነው የማውቀው። ተነሽ!»

ተነሳሁ። «አንሶላው የት ነው የሚታጠበው?» አልኩ።

«ሐይቅ ሙሉ ውሃ አስቀምጦ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ ሳቀ።

«ሐይቁ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም» አልኩት። «እዚያው ነው የተወለድኩት። ሳሙናው ገብቶ የት ይሄዳል? እናቶቻችን ውሃውን በጀሪካን ቀድተው ከዳሩ ርቀው ነበር የሚያጥቡት፤ የምንጠጣው እሱኑ ነዋ። አርባ ክፍል ማለት ደግሞ ለእያንዳንዱ አልጋ አንሶላው፣ ስድስት የትራስ ልብስ፣ አራት ፎጣ፣ በየቀኑ። ይሄ ሁሉ እንግዳው በሚገባበት በር ነው የሚያልፈው?»

«አንቺ ይሄን በምን አወቅሽ?» አሉ አቅራቢው።

«አንሶላ የምቀይር ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ጋሼ ተፈራ ወረቀቱን ከፍ አደረጉት። «መግቢያና መውጫው ያልታወቀ ቦታ ላይ መኪናም አላቆም፣ ገንዘብም አላስቀምጥ። ይህን የሠራው ሰው ሆቴል ያየው ከፊት ለፊት ብቻ ነው።»

አቅራቢው ላባቸውን ጠረጉ። «አንዲት የኮንትራት ልጅ ናት ያዘጋጀችው። ስንመለስ በሌላ ሰው እናሠራዋለን።»

ዓይን ሁኚኝ ብትለኝ አፍ ሆንኩባት። እዚያ ቆሜ የታየኝ ፓስፖርቷ ነው፤ አዲስ፣ ገና ያልተገለጠ። መቀመጥ አቃተኝ።

«ልጅቷን አትቀይሯት» አልኩ።

«እትዬ፣ አልተሰማም፣ ጮክ በዪ» አለች ሄለን።

«የእኔ ልጅ ናት። ያየችው እኔ ያሳየኋትን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጋሼ ተፈራ ወደ አቅራቢው ዞሩ። «እስከ መቼ ነው እዚህ የምትቆዩት?»

«እስከ ዓርብ።»

«እስከ ዓርብ ያችው ልጅ አስተካክላ ትላከው፤ አየዋለሁ። ቃል አልገባሁም። አየዋለሁ ነው ያልኩት።»

መመለሻ

ሰው ወደ ምግቡ ሲነሳ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ጋሼ ተፈራ በር ላይ ደረሱብኝ።

«በምን መጣሽ?»

«በባቡር። ከሎንግ ቢች።»

«በባቡር! ላድርስሽ እንዴ?»

«አይ፣ አይቸገሩ። መንገዱን አውቄዋለሁ።»

«ልጅሽ ግን ሥራሽን ታውቃለች?»

ቦርሳዬን አነገትኩ። እሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁም፤ «በይ በሰላም ግቢ» ብለው ተመለሱ።

እንቁላሌን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ በላሁ። ባቡሩ ውስጥ የስልኬን ፎቶዎች ከመጀመሪያው ጀምሬ አየኋቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ አልጋ፣ መስኮት፣ አልጋ፣ መስኮት። እኔ ያለሁበት አንድም የለም። ማንም ያልኖረባቸው ክፍሎች ይመስላሉ።

ከቤቴ በፊት ባለው ፌርማታ ወርጄ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ አለቃዬ ስታየኝ ደነገጠች። ለልጄ ሥራዬን ላሳያት ነው አልኳት። ፎቶው ላይ እንግዳ እንዳይታይ ብላ ፈቀደችልኝ። የኋላውን በር ፎቶ አነሳሁ። ጋሪዎቹን፣ ቆሻሻ አንሶላ ከላይ የሚወርድበትን ቀዳዳ፣ የማጠቢያ ማሽኖቹን፣ ውሃው የሚወርድበትን ቦይ፣ ሠራተኛ ምሳ የሚበላበትን ጠባብ ክፍል አነሳሁ። በመጨረሻ ዩኒፎርሜን ከሳጥኔ አውጥቼ ለበስኩና አንዷ የሥራ ጓደኛዬ ከጋሪዬ ጋር አቁማ አነሳችኝ።

ቤት

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። እዚያ ሊነጋ ነው፤ ሰሚራ ለሱብሂ ሶላት የምትነሳበት ሰዓት። ፎቶዎቹን ሁሉ ላክሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ክፍል እቆጣጠራለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው፤ አጸዳለሁ። ወረቀትሽን የጎደለው ይሄ ነው። እስከ ዓርብ አስተካክለሽ ላኪ፤ አንድ ሰው ሊያየው ፈቅዷል።»

አየችው። መጻፍ ጀመረች። አቆመች። ደግሞ ጀመረች፣ ደግሞ አቆመች። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ብዙ አይደለም። ከልጄ የደበቅሁት እኔን ብቻ የሚጎዳ መስሎኝ ነበር። ፊት ለፊቱን ብቻ ያሳዩት ሰው ግን፣ ቤት ሲሠራም ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚሠራው።

መልሱ መጣ።

«እማ፣ የኋላው በር ስፋቱ ስንት ነው?»

አልለካሁትም ነበር። ግን ስድስት ዓመት ጋሪ ገፍቼበታለሁ። «ጋሪው ሲገባ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ስንዝር ይተርፋል» ብዬ ጻፍኩላት።

«ጋሪውስ?»

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጥኩ። ብድግ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩና ጋሪውን እንደምይዘው ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ እጆቼ እንዳይነቃነቁ ተጠንቅቄ፣ እንደተዘረጉ፣ ሜትሩ ወዳለበት መሳቢያ ሄድኩ።