ሰኞ ጠዋት ከበሩ ጀርባ

ስልጠና ላይ መቀመጥ አልወድም። ያን ቀንም ቦንጋ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ከኋላ ተቀምጬ ለመውጣት ሰበብ እፈልግ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከአዲስ አበባ የመጣው አሰልጣኝ፣ ጎበዝ መሪ ጭምብል አያጠልቅም፣ ለሠራተኛው ራሱን ሆኖ ይታያል እያለ ያስረዳል። እኔ እስክሪብቶዬን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ይህን ምክር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ያኔ የመከረኝ ሰው ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። እኔ ኃላፊ ነበርኩ፣ እሱ ምክትሌ። ከሺሺንዳ ከተማ ወደ መሥሪያ ቤቱ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ሲናገር ግን ሰምቼው አላውቅም። ቁጡ ናት ይሉኝ ነበር። እውነት ነው፣ እቆጣለሁ። ያላወቁት፣ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ከመግባቴ በፊት እጄ እንደሚንቀጠቀጥ ነው። የቢሮዬ በር ዝናብ ያሳበጠው አሮጌ እንጨት ስለነበር አይገጥምም፤ ቁልፉም ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ ወንበሬን ጎትቼ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ እኔው ራሴ መቀርቀሪያ ሆኜ እጄ እስኪረጋ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወጥቼ እቆጣለሁ።

የግምገማ ወቅት ደረሰ። ያለፈበት ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ሰው ተነስቶ ግለ ሂሱን ያቀርባል፣ ማንም ግን እውነተኛ ጉድለቱን ይዞ አይመጣም። ሰዓት አከባበር ላይ ክፍተት አለብኝ ይላል አንዱ። ሥራ ሲበዛብኝ ቤተሰቤን እረሳለሁ ይላል ሌላው፤ ጉድለቱ ሙገሳ ሆኖለት ይቀመጣል። እኔም እንደ ሰው አንድ ቀላል ክፍተት አዘጋጅቼ ነበር። ዋዜማውን ምክትሌ ቢሮዬ ገብቶ፣ ሠራተኛው የሚፈራኝ ስለማያውቀኝ እንደሆነ ነገረኝ።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ራስዎን ያሳዩን። ከዚያ በኋላ እሳት ግቡ ቢሉን እንገባለን።»

አመንኩት። በማግስቱ ቆሜ እንደምፈራቸው ተናገርኩ። ከስብሰባ በፊት በሬን ዘግቼ እጄ እስኪረጋ እንደምጠብቅ፣ ቁጣዬም ከዚያ እንደሚመጣ። የወንበሩን ነገር ግን አልነገርኳቸውም፤ ያን ያህል ሞኝ አልነበርኩም። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ምክትሌ ነው። ኃላፊዋ በራሳቸው አንደበት እንዳረጋገጡት፣ የሚፈራ ሰው መምራት ስለሚቸግረው መድረኩ በጥብቅ ሊያየው ይገባል አለ። ድምፁ ውስጥ አዘኔታ እንኳ ነበር። እኔ ከኃላፊነት ተነስቼ ባለሙያ ተብዬ ሩቅ ወረዳ፣ ቢታ ገነት ተመደብኩ፤ እሱ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

እንግዲህ በዚያ ስልጠና አሰልጣኙ፣ ራሱን ለሠራተኛው የገለጠ መሪ ካለ ተሞክሮውን ያካፍለን አለ። የድሮው ምክትሌ ተነሳ። አሁን ትልቅ ሰው ስለሆነ ማይክራፎኑን ሮጠው አመጡለት። ጉሮሮውን ጠረገና፣ አዲስ ኃላፊ ሳለ ሰኞ ሰኞ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ማውራት ጀመረ። ቢሮውን ቆልፎ እስኪረጋጋ ይጠብቅ እንደነበር። አንድ ቀን ግን በሠራተኞቹ ፊት ቆሞ እውነቱን እንደተናገረ፣ ከዚያ ወዲህም እንደ ወንድም እንዳዩት።

አጨበጨቡለት። አጠገቤ ያለችው ሴት ዓይኗን ጠረገች።

የተቀመጥኩበት እሾህ ሆነብኝ። ያ ፍርሃት የእኔ ነው ብል፣ በሰው ፊት ለሁለተኛ ጊዜ ፈሪ ነኝ ማለቴ ነው። ዝም ብል፣ ወንበሬን እንደወሰደ ፍርሃቴንም ይዞት ሊሄድ ነው፤ ለዚያውም በጭብጨባ። እጄን አወጣሁ።

«ጥያቄ አለኝ። ያንን በር በምን ነበር የሚቆልፉት?»

«በቁልፍ ነዋ እትዬ» አለ እየሳቀ። «በር በምን ይቆለፋል?»

ከመሃል ሁለት ሰዎች ፈገግ አሉ። የድሮ ባልደረቦቻችን ናቸው፤ ክረምት ከበጋ ገርበብ ብሎ የሚውለውን ያንን በር ያውቁታል። እሱ ግን ስንት ዓመት ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ቁልፉ የተሰበረ መሆኑን አላወቀም። በሩን ለመዝጋት ሞክሮ አያውቅማ። ከሁለቱ አንዱ ዞር ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ። በዚያ ግምገማ ከምክትሌ ቀጥሎ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። አሰልጣኙ ምንም ስላልገባው ሻይ እንጠጣ አለ።

በእረፍቱ የድሮው ምክትሌ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ ምን አለበት? ታሪኩ ሰው ካስተማረ የማንም ቢሆን...»

«አንተ» አልኩት፣ የጥንቱን አጠራር መልሼ፣ «ወንበሬን ስትወስድ አልጠየቅኩህም። መንቀጥቀጡን ግን ከየት ታመጣዋለህ?»

በእጁ የያዘው ብርጭቆ እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ሻዩ ጠብ አላለም። እንደዚያው ይዞት ወደ ኃላፊዎቹ ጠረጴዛ ተመለሰ። እኔ የራሴን ሻይ እሱ እስኪርቅ ድረስ ከጠረጴዛው ላይ አላነሳሁትም።