ማሲንቆውን ያልሸፈነው ቤዝ

ትርሲት ንፋስ መውጫ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ በከተማው የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ጊታሩን የገዛችው ደብረ ታቦር ውስጥ ከነበረና ከተበተነ ባንድ ነው። ሴት ልጅ ቤዝ ተሸክማ መድረክ ስትወጣ መጀመሪያ የሳቀ ሁሉ፣ እያደር ስሟን እየጠራ ያጨበጭብላት ጀመር።

አንድ ዓመት ግን ጊታሩ አስቸገረ። ከክሮቹ ሥር ንዝረታቸውን ተቀብለው ወደ ስፒከር የሚልኩ፣ ሙዚቀኞች «ፒካፕ» የሚሏቸው ሁለት ማግኔቶች አሉ። አንደኛው ሞተ። የቀረው ብቻውን ሲሠራ የመብራቱንም የጄኔሬተሩንም ድምፅ እየሳበ ስፒከሩን እንደ ንብ ቀፎ ያስጮኸው ጀመር።

የቡድኑ መሪ እሱባለው ብዙ ታገሡ፤ በመጨረሻ ጠሯት።

«ትርሲትዬ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ከእስቴና ከስማዳ ቡድኖች ጋር ልንወዳደር ነው። በዚህ ጩኸት መውጣት አንችልም። ቤዙን በኦርጋኑ እናሰማው፤ አንቺ ከተቀባዮቹ ጋር ቁሚ።»

«ጋሽ እሱባለው፣ ፒካፖቹን ልቀይራቸው። ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ይሁን። ግን ኃይለኛውን አምጪ፤ ሜዳውን የሚያናውጠውን!»

ለአባቷ «ፒካፕ ልገዛ ባሕር ዳር ልሄድ ነው» ስትላቸው፣ «መኪናውን? መንጃ ፈቃድ ሳይኖርሽ?» ብለው ክው አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ትርሲት አሮጌዎቹን ነቀለችና ልብስ እንደምትለካው ሁሉ ልካቸውን በካርቶን ቆርጣ ያዘች። ባሕር ዳር የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግነው አስቻለው ለልኩ የሚሆኑ ሁለት ዓይነት ጥንዶች እንዳሉት ነገራት፤ ሁለቱም በራሱ ጊታሮች ላይ ተገጥመዋል።

«ይሄ ኃይለኛው ነው፤ ሽቦው በብዛት ስለተጠመጠመ ድምፁ ይገንናል። ያኛው ለስለስ ያለ ነው። ግን በየአንዳንዱ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ ተደራርቦ ስላለ ጩኸቱን ያጠፋልሻል» አላት።

ኃይለኛውን ሲመታው የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ልቧ ዘለለ። «ይሄ ነው!» ልትል አፏን ከፍታ ድንገት ቆም አለች። መድረክ ላይ ብቻዋን አትጫወትማ! ስልኳን አውጥታ የቡድናቸው ማሲንቆ ተጫዋች ሞላ በልምምድ ላይ ሲጫወት የተቀዳውን ከፈተች።

«እስቲ ከዚህ ጋር አብረህ ምታልኝ።»

በኃይለኛው የሞላ ማሲንቆ ተዋጠ፤ ጨርሶ ጠፋ። በለስላሳው ግን ማሲንቆው ከላይ ሲያንጎራጉር ቤዙ ከሥር ሆኖ ሲሸከመው ሰማች።

«ለስላሳውን ስጠኝ።»

«ሰው ሁሉ ኃይለኛውን ነው የሚወስደው እኮ!»

«ይውሰድ። እኔ የሞላን ድምፅ ላጠፋ አልጫወትም።»

ንፋስ መውጫ ገበያ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው ጁሃር ፒካፖቹን ጊታሩ ላይ በየደላት። ሁለቱም አንድ ላይ ሲከፈቱ ግን ድምፁ ቀጥኖ እንደ ቆርቆሮ ሆነ። ትርሲት እንባዋ መጣ። ጁሃር አንደኛውን ዘጋ፣ ከፈተ፣ አዳመጠ።

«የተበላሸ ነገር የለም፤ እርስ በርስ እየተጣሉ ነው። አንዱን ገልብጬ አገናኝቼዋለሁ መሰለኝ» ብሎ የአንደኛውን ሽቦዎች ቦታ አቀያየረ።

ትርሲት ወፍራሙን ክር ነካችው። ወለሉ በቀስታ ነዘረ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ጁሃር፤ ጎረቤቶቹ ምን ተገኘ ብለው ወጡ።

መካነ ኢየሱስ ላይ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ጄኔሬተሩ ከመድረኩ ጀርባ ያጓራል፤ ስፒከሩ ግን ጸጥ ብሏል። እሱባለው ደንግጠው ወደ ትርሲት ጠጋ አሉ።

«ገመዱን ሰክተሻል?»

መልሷ አንድ ክር መምታት ብቻ ነበር። ድምፁ ክብ ሆኖ፣ ጠርቶ ሜዳውን ሞላው። ሞላ ዞር ብሎ አያትና ማሲንቆውን አነሳ። ቀስ ብለው ጀመሩ፤ ከበሮው ገባ፤ ከዚያ ሕዝቡን ማን ይያዘው! የእስቴ ወጣቶች የራሳቸውን ቡድን ረስተው እስክስታ ወረዱ። ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «የማሲንቆው ቃል አንድም አልጠፋኝ!» እያሉ ለጎረቤታቸው ይናገሩ ነበር።

ዳኞቹ የንፋስ መውጫን ቡድን አንደኛ ብለው ሲጠሩ ሜዳው «ይደገም!» አለ። እሱባለው ማይኩን ጨብጠው ደጋግመው ጮኹ፦

«ቤዝ ላይ፣ ትርሲት!»

ሌሎቹ እጃቸውን ከመሣሪያዎቻቸው ላይ አንስተው ጠበቋት። ትርሲት እግሯን ዘርጋ አድርጋ ቆመችና የመግቢያውን ዜማ ብቻዋን ጀመረች።