የተደፈኑት የበር ቀዳዳዎች

ዋጋሪ ነቀምቴ ከተማ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ላሜራ ሲቀጠቅጥ ኖሯል። ዝገት የበላውን ቆርጦ፣ አዲስ በይዶ፣ ስቱኮ አልብሶ ሲጨርስ አሮጌ መኪና ሙሽራ ይመስላል። ክረምቱም ሥራ አያሳጣውም፤ ቀይ ጭቃ የጎማ መከለያው ፓራፋንጎ ሥር ተጠቅጥቆ እስከ ጥር እንደረጠበ ላሜራውን ይበላል።

ታዲያ አምና ሳህሉ የሚባል ሰው ከጊዳ አያና ተፈናቅሎ መጣና ፊት ለፊቱ የቆርቆሮ ቤት አቆመ። ብየዳ የለው፣ ቀለም የለው። ያለው የውሃ ጎማ፣ ሽቦና የእርሻ መድኃኒት መርጫ ነው። ጭቃውን ከየጥጋጥጉ አጥቦ ያወጣል፤ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ያደርቃል፤ ከዚያ ከጠጅ ቤት የለቀመውን ሰፈፍ ከተቃጠለ ዘይት ጋር አቅልጦ ዝገት እንዳይገባ በመኪናው በር ሆድ ውስጥ ይረጫል። ሰው ተሰለፈለት።

«ቅባት ቀቢ! ይሄም ሙያ ሆኖ!» ይላል ዋጋሪ ለሚስቱ ለድርቤ።

«ሙያ ባይሆን አንተን እንቅልፍ ይነሳህ ነበር?»

አንድ ቀን የቆየችው ደንበኛው የፌኔት ሚኒባስ ሳህሉ ዘንድ ቆሞ አየ። ወደ ቢላ ከተማ የሚሠራውን ያንን አሮጌ መኪና ዘጠኝ ዓመት የጠገነው እሱ ነው። ፌኔትን ካጣ ሌሎቹ ባለመኪኖችም ተከትለዋት መሄዳቸው ነው። ሳህሉ ለምሳ ሲወጣ ጠብቆ፣ እንከን ሊፈልግ ካቻቢቴ ይዞ ተሻገረ።

የበሩን ግርጌ ወጋ ሲያደርገው ዝገት የቀላቀለ ውሃ እግሩ ላይ ተንዠቀዠቀ። ጎንበስ ብሎ አየ። የውሃ መውጫ ሦስቱ ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፍነው፣ የታቆረው ውሃ በሩን ከውስጥ አበስብሶታል። የገዛ እጁን ሥራ አወቀው፤ ለፌኔት ልጅ ሠርግ ሲያስውበው «ይለስልስ» ብሎ የደፈነው ራሱ ነው።

«አካም ኦቦ ዋጋሪ! ሊያግዙኝ መጡ?» ሳህሉ ነው፤ ፌኔትም አብራው።

«ይሄን ማን ደፈነው?» አለች እሷ።

ሳህሉ ዋጋሪን አየት አድርጎ፣ «እንጃ እትዬ፤ ሲገዛም እንዲሁ የነበረ ይሆናል» አለ።

ሳህሉ እያወቀ መሸፈኑ ነው ዋጋሪን ያነደደው። መኪናዬን ወስዶ ደግሞ ይማረኝ?

«እኔ ነኝ የደፈንኩት! ተሳሳትኩ። ግን የበሰበሰ በር ቆርጦ የሚተካ እዚህ ሰፈር ከኔ ሌላ ማን አለ?»

ፌኔት ሳቀች። «እንግዲያው አንተ ቁረጥ፣ እሱ ይርጭ።»

ዋጋሪ ቆረጠ፣ በየደ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳ በሳ። ሳህሉ ሲረጭ ግን ከአጠገቡ አልነቀል አለ።

«እዚህ ጋ ሳትረጭ ዘለልክ!» ይለዋል።

«አልዘለልኩም ኦቦ።»

«ዘለልክ አልኩህ!»