የኤቫሪስቶ ጥቅሻ

ኤቫሪስቶ ላስካኖን ለማያውቀው ሰው ፊቱ የታመመ ይመስላል። ቅንድቡ ድንገት ይነሣል፣ አንድ ዓይኑ ይጠቅሳል፣ አፉ ጠመም ይላል፣ የታች ከንፈሩን ይነክሳል። እኛ የከተማው ሰዎች ግን ነገሩን እናውቀዋለን። ትሩኮ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ካርታ በጥንድ የተጫወተ ሰው ፊቱ እንዲህ ሆኖ ይቀራል።

በትሩኮ ጓደኛህ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል። የያዝከውን በአፍህ አትነግረውም፤ በፊትህ ነው የምትነግረው። ቅንድብህን ካነሣህ ትልቁ ካርታ፣ የሰይፍ አንድ፣ እጄ ላይ አለ ማለትህ ነው። ሁለቱንም ዓይኖችህን ከጨፈንክ ደግሞ ባዶ ነኝ፣ ባንተ ነው ማለት ነው። ባላጋራዎችህ ሳያዩ ቶሎ መሆን አለበት። መዋሸትም አይከለከልም፤ ጨዋታው ራሱ ግማሹ ውሸት ነው።

የኤቫሪስቶ ጓደኛ ቶሪቢዮ ነበር። ሁለቱም የባቡር ጣቢያ ሠራተኞች ነበሩ። ባቡሩ መምጣቱን ሲተው ሐዲዱ ላይ ሣር በቀለ፣ ሰዉም ጓዙን ሸክፎ ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ሮዛሪዮ ሄደ፤ እነሱ ግን ቀሩ። ኤቫሪስቶ ሚስት አላገባም። ለምን ሲሉት፣ "የቶሪቢዮ ጭቅጭቅ መች አነሰኝ" ይል ነበር። ባለፈው የብርድ ወራት ቶሪቢዮ ሞተ። ኤቫሪስቶ የሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ የጓደኛውን ሁለት የተጨፈኑ ዓይኖች ሲያይ፣ "ባዶ ነኝ፣ ባንተ ነው" ያለው መሰለው።

ከዚያ ወዲህ ማቴውን፣ ያንን መራራ የቅጠል ሻይ፣ ለብቻው ነው የሚጠጣው። ማቴ እንግዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው ማቴነቱ፤ እሱ ግን ራሱ ይቀዳል፣ ለራሱ ያቀብላል። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታውን ለአራት ሰው ያድልና ከወንበር ወደ ወንበር እየዞረ ይጫወታል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም፤ ማሸነፉም መሸነፉም አንድ ሆነበት።

አንድ እሑድ ጠዋት ሥጋ ሻጩ ፖንሴ ቤቱ ድረስ መጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን በባላጋራነት የተቀመጡት እሱና አማቹ ናቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ካልመጣህ ጠረጴዛው መፍረሱ ነው። እኔና አማቼ ከግድግዳው ጋር እንጫወት?"

"ከማን ጋር ልቀመጥ?"

"ከፋርማሲስቱ ጋር። ያ ከኮርዶባ የመጣው ሊሳንድሮ።"

"ያ ሰው ሲያናግረው ጫማውን የሚያየው?"

"እሱው። ምን ታደርገዋለህ፣ ያለው እሱ ነው።"

ኤቫሪስቶ ሸሚዙን ተኩሶ ሄደ። ሌላ የት ይሄዳል? ያቺ ጠረጴዛ ከቀረች ከሰው ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር እንደማይኖር ጠንቅቆ ያውቃል። ካርታ የሚጫወቱበት ክለብ ግቢ ውስጥ ፖንሴ የጎድን ሥጋውን ከፍሙ ላይ አነሣ፣ እንደ ወጉ ለጠባሹ ተጨበጨበ፣ ተበላ። ከዚያ ውስጥ ገብተው ጠረጴዛውን ጠረጉ፣ ነጥብ የሚቆጠርበት ቦሎቄ ወጣ፣ ካርታው ታደለ።

ሊሳንድሮ ጨዋ ነው፣ ክፋት የለበትም። ካርታውን ግን ልክ እንደ ሐኪም ማዘዣ አቀርቅሮ ያነበዋል። ኤቫሪስቶ ቅንድቡን አነሣ፤ ሊሳንድሮ አቀርቅሯል። ከንፈሩን ነከሰ፤ አሁንም አቀርቅሯል።

"ቀና በል እንጂ የኔ ልጅ።"

"እሺ ዶን ኤቫሪስቶ" አለና ሊሳንድሮ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

ቦሎቄው ሁሉ ወደነ ፖንሴ ሄደ። በኋላ ላይ ኤቫሪስቶ ሦስት የማይረቡ ካርታዎች ደረሱት። ቀና ሲል ፊቱን የሚያይ አንድ ሰው ብቻ አገኘ፤ ፖንሴን። አርባ ዓመት ፊቱን ሲደብቅ የኖረው ከዚሁ ሰው ነው። ምን እንደነካው እንጃ፣ እሱኑ እያየ ሁለቱንም ዓይኖቹን ቀስ ብሎ ጨፈነ።

በዚህ መሐል ምንም ያላወቀው ሊሳንድሮ፣ "ትሩኮ" ብሎ የዙሩን ነጥብ ከፍ አደረገው፤ ባላጋራው አልቀበልም ካለ ዙሩን ይሸነፋል።

ፖንሴ ትንሽ አሰበና፣ "አልፈልግም" ብሎ ካርታዎቹን ጣለ። አንዱ ተገልብጦ ወደቀ፤ የሰይፍ አንድ ነበር።

"በዚህ ካርታ ትሸሻለህ? ጤና የለህም እንዴ?" አለው አማቹ።

ኤቫሪስቶ ግን ገብቶታል። ፊቱ ቀላ። "ታዝንልኛለህ ፖንሴ?" አለው በሹክሹክታ። "ከምታዝንልኝ ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።"

"ማዘን አይደለም። ባዶ ነኝ ብለህ ነገርከኝ። እውነቱን በነገረኝ ሰው ላይ በምን አንጀቴ ልጨክን?"

"ላንተ አልነገርኩም።"

"አውቃለሁ" አለ ፖንሴ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ለቶሪቢዮ ነበር። እኔ ማየት አልነበረብኝም።"

ሹክሹክታውን ያልሰማው ሊሳንድሮ በራሱ ብልሃት ያሸነፈ መስሎት ቦሎቄውን ወደ ራሱ ሳበ። ማንም አልነገረውም።

ካርታው እንደገና ታደለ። ኤቫሪስቶ የደረሰውን ጠርዝ ጠርዙን ገለጥ አድርጎ አየ። የሰይፍ አንድ። ከጓደኛው ሞት ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶት አያውቅም፤ ቅንድቡ በራሱ ጊዜ ተነሣ። ሊሳንድሮ አቀርቅሯል። ወደ ፖንሴ ዞረ። ፖንሴ ጨዋ ሰው አይደል፣ ሁለተኛ የሰው ምስጢር ላለማየት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል።

ኤቫሪስቶ ቅንድቡን እንዳነሣ ጥቂት ቆየና አወረደው።