ድምፅ የሌለው ሰርግ

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አከራዬ በሩ ላይ ጠበቁኝና «መምህር፣ አንተ ኮምፒዩተር ታውቃለህ አይደል?» አሉኝ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ግን የተማሪዎች ውጤት ኮምፒዩተር ላይ ስሞላ አይተውኛል፤ ለእሳቸው ይህ በቂ ነበር። በጋምቤላ የከሰዓት ፀሐይ ቆሜ ልዩነቱን ከማስረዳ «አውቃለሁ» ማለት ቀለለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታናሽ ወንድማቸው የሰርግ ቪዲዮ ያለው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ሙሽሮቹ ከሰርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ጁባ ገቡ። የኮምፒዩተሩ ሞኒተርም በዚያው ሰሞን ተቃጠለ። ስለዚህ ቪዲዮውን እስካሁን ያየው ሰው የለም፤ ሙሽራዋ ራሷ እንኳ አላየችውም። አሁን ባልና ሚስቱ ለሁለት ሳምንት ሊጠይቋቸው እየመጡ ነው። አከራዬ ደግሞ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ትልቅ ፍላት ቴሌቪዥን ሰቅለዋል።

«ሁለቱን አገናኛቸው» አሉኝ፣ የተኳረፉ ጎረቤታሞች ይመስል።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። ሲፒዩውን ከአልጋ ስር ስጎትተው አንዲት እንሽላሊት ከጀርባው ወጥታ በእግሬ ላይ አለፈች። አቧራውን አራግፌ ሰማያዊ ጫፍ ያለውን የሞኒተር ገመድ ፈለግሁ፤ አከራዬ ልብስ ማስጫ አድርገውት ኖሮ ከጓሮ ፈትተው አመጡልኝ። የቴሌቪዥኑ መሰኪያ ያለው ከጀርባው፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው። ጉንጬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጣቴ እየዳበስኩ ገመዱን ሰካሁት። ግን አጭር ነበር። ጠረጴዛ ላይ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ደግሞ ሲፒዩውን አድርጌ ከፍ አደረግሁት። ሳበራው እንደ ወፍጮ አጓራ፤ ቴሌቪዥኑ ግን «ሲግናል የለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ያንሳፍፋል።

የአከራዬ ባል ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ሹፌር ናቸው፤ ቤት የሚውሉት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ንግግር አያበዙም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ሪሞቱ ላይ ሶርስ የሚል አለ» አሉ። ሶርስ የሚለውን ተጭኜ ቴሌቪዥኑን ወደ ኮምፒዩተር መስመር አዞርኩት። ምስሉ መጣ።

እንግዶቹ እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። ሁላችንም ተደርድረን ተቀመጥን፤ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ የመዘምራን ቡድኑ ሲያጨበጭብ፣ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ድምፅ ግን የለም። ሪሞቱን እስከ መቶ አደረስኩት። ዝም። ያ ሰማያዊ ገመድ ምስል ብቻ እንጂ ድምፅ እንደማያመጣ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ላቤ ጠብ ጠብ ሲል አከራዬ አዘኑልኝና፣ «ተወው፣ እኔ እናገርላቸዋለሁ» አሉ። እውነትም ተናገሩ። ፓስተሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እሳቸው በወፍራም ድምፅ ይባርካሉ፤ የሙሽራዋ እናት ስታለቅስ ያለቅሳሉ። ለእኔ ሲሉ ደግሞ ከኑዌርኛው ቀጥሎ በአማርኛ ይደግሙታል። ወንድምየው በሳቅ ተንፈራፈረ።

ከዚያ ቪዲዮው ውስጥ ባለቤታቸው ማይክ ይዘው ተነሡ። አከራዬ ቀና ብለው ተቀመጡ። በሰርጉ ቀን እሳቸው ወጥ ቤት ስለነበሩ ንግግሩን አልሰሙትም፤ ሰዎች ግን «ባልሽ ስለ አንቺ ተናገረ» ብለው ነግረዋቸዋል። በእርግጠኝነት ጀመሩ።

«ይህን ልጅ ያሳደገችው ባለቤቴ ናት። እሷ ባትኖር ዛሬ ይህ ሰርግ የለም። እንደ እሷ ዓይነት ሴት ከባሮ ወዲህም ከባሮ ወዲያም አላየሁም።»

ሙሽራዋ ዕንባዋን ጠረገች። እኔም ልቤ ተነካ። ባለቤታቸው ሻያቸውን ፉት አሉና መስኮቱን ተመለከቱ።

የድምፅ ገመድ ያገኘሁት ከትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። የክበቡ ተጠሪ መታወቂያዬን መያዣ አድርጎ፣ ዓርብ ከሰዓት ሰንደቅ ዓላማ ከወረደ በኋላ ሰጠኝ። በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ሁሉም በተቀመጡበት፣ አንዱን ጫፍ ሲፒዩው ላይ፣ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ። እልልታው ቤቱን ሞላው። አከራዬ አጨበጨቡልኝ።

የባለቤታቸው ተራ ደረሰ። ማይኩን ይዘው ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መናገር ጀመሩ። ወንድምየው ሳቁን ለማፈን እየታገለ ይተረጉምልኝ ጀመር።

«በሩ ላይ የቆመው ነጭ ፒክአፕ የማን ነው? ውኃ የጫነችው መኪና መግባት አልቻለችም። ሁለተኛ፣ ወንበሮቹ የቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ማንም ተሳስቶ ይዞ እንዳይሄድ።»

አከራዬ ወደ ባላቸው ዞሩ። ባላቸው ጫማቸውን ያያሉ። ቪዲዮው ግን አላለቀም ነበር።

«ሦስተኛ» አሉ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት፣ «ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። ለእሷ አንድ ወንበር አስቀሩላት።» ማይኩን አስረክበው ተቀመጡ።

አከራዬ፣ «ታዲያ ወንበሩን ማን ወሰደው?» ብለው ጠየቁ። «እኔ ያን ቀን እስኪመሽ ቆሜ ነው የዋልኩት።»

ያኔ ሁሉም በአንድ ላይ በሳቅ ፈነዳ። ባልየውም ሳቁ፤ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ቪዲዮውን ወደኋላ እያስመለሱኝ ያን ቦታ አራት ጊዜ አየነው። በአራተኛው አከራዬ ድምፁን አስጠፉኝና የራሳቸውን ንግግር እንደገና ተናገሩ፤ በዚህኛው ባሮን ብቻ ሳይሆን ዓባይንም ጨመሩበት። ባልየው አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጧቸው፦ «ቀስ በይ፣ እኔ እንደዚህ ፈጥኜ አልናገርም።»

እንግዶቹ ሊሄዱ ሲሉ ቪዲዮውን በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ባልየው መኪናቸውን እያሞቁ በር ላይ አገኙኝ።

«መምህር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በእሷ ድምፅ የተናገርኩትን ቪዲዮው ውስጥ በእኔው ንግግር ላይ መለጠፍ ይቻላል?»

እንደማልችል ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እሺ፣ እንግዲህ ራሴ እነግራታለሁ» ብለው ወደ ኩሌ ነዱ።