እማዬ ሳነቴ ላይ ውሃ የገባች ቀን

እናቴ ቤቴን ልታይ ከድሬዳዋ ሮቤ ድረስ የመጣችው ገና ባለፈው ሰሞን ነው። ከአውቶቡስ ስትወርድ ሁለት ሹራብ ለብሳ፣ በላዩ ጋቢ ተከናንባ፣ በጋቢው ላይ ደግሞ የሟች አባቴን ካፖርት ደርባ ነበር። ባለቤቴ ሊስማት ሲጠጋ ከዚያ ሁሉ ልብስ ውስጥ ጉንጯን ፈልጎ ማግኘት ቸገረው።

«እንኳን ደህና መጡ እማማ! መንገዱ እንዴት ነበር?»

«መንገዱስ ደህና ነው ልጄ። አየሩ ነው እንጂ! ሰው እዚህ አገር የሚኖረው ምን በድሎ ነው?»

ባለቤቴ የጎባ ልጅ ነው። በአገሩ ብርድ የሚመጣበትን ሰው አይወድም። እሷን ግን ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ወደዳት። ባጃጅ ውስጥ ቤት እስክንደርስ ድረስ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እውነቷን ነው፤ እናቴ የሙቀት ሰው ናት። ገና በልጅነቷ ነው አባቴን ተከትላ አሰብ የወረደችው። እሱ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር። እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። ድንበሩ ሲዘጋ ግን ሕፃን ስለነበርኩ ከባሕሩ ትዝ የሚለኝ ነገር ቢኖር የጨውና የናፍጣ ሽታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ አክስቴ ዘንድ ተጠግተን ኖርን። እኔ ተምሬ መምህር ሆንኩ፤ ምደባዬም ሮቤ ወጣ፤ እዚሁም አገባሁ። እናቴ ስለ አሰብ ብዙ አታወራም ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላማ ጭራሽ ተወችው።

ጥር እንደገባ ሮቤ ላይ ማለዳው ውርጭ ነው። ስንዴው ከታጨደ ቆይቷል፤ በሜዳው ላይ የቀረው ገለባ ጎሕ ሲቀድ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። የቧንቧው ውሃ ጣት ይቆርጣል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግን ሌላ አገር ይሆናል። ሰማዩ አንዲት ደመና የለበትም፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ ሙቀቱም ሳያቃጥል ቆዳ ላይ ያርፋል። እናቴ የመጀመሪያውን ሳምንት ከብርድ ልብስ ውስጥ ሳትወጣ አሳለፈችው። በሁለተኛው ሳምንት በርጩማዋን ይዛ ወደ ግቢው ወጣችና ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። በሦስተኛው ካፖርቱን አወለቀች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በባዶ እግሯ ተቀምጣ ፊቷን ለፀሐይዋ ሰጥታ አገኘኋት።

«ይሄኮ የአሰብ ጥር ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አሰብና ሮቤ ምን አገናኛቸው?»

«አታውቂም አንቺ። አሰብ ዓመቱን ሙሉ እሳት ነው፤ ጥርና የካቲት ግን ይምረናል። ልክ እንደዚህ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ደረቅ። ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ ባሕር ይወርዳል። ባሕሩም ያን ጊዜ ነው የሚከፋው።»

«ለምን?»

«ነፋሱ ያን ሰሞን ነዋ የሚበረታው! ቀኑ ያምራል፤ አንቺም ቀኑን አምነሽ ትገቢያለሽ። ከሥር ግን ወደ ውስጥ የሚጎትት ውሃ አለ።» ዓይኗን ገለጠች። «እኔንም አንዴ ወስዶኝ ነበር። አባትሽ ከዳር ሆኖ ‹ከውሃው ጋር አትታገይ! ወደ ጎን ዋኚ!› እያለ ይጮሃል። ወደ ጎን ዋኘሁ፣ ወደ ጎን ዋኘሁ፣ ሌላ ሰፈር ሄጄ ወጣሁ። እሱ በዳርቻው ሲሮጥ ሱሪው ወልቆ ነበር።»

ሳቀች። ከአባቴ ቀብር ወዲህ ስለ እሱ ስትናገር ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው አላባራም። ሲነካ እንደ ሳማ ስለሚለበልበው፣ እንደ ላስቲክ ስለሚንሳፈፈው ፍጥረት ነገረችን። ከድንጋይ ሥር ተደብቆ ተረከዝ ስለሚወጋው እሾሃምም ነገረችን። ባለቤቴ ማታ ማታ እራቱን ትቶ ይሰማታል። በሕይወቱ ያየው ትልቁ ውሃ ሲሞላ የወይብ ወንዝ ነው።

«እማማ፣ አንድ ቀን የሳነቴን ተራራ ላሳይዎት» አላት። «እዚያም ውሃ አለ።»

«ተራራ ላይ ምን ውሃ ይኖራል?»

«ይምጡና ይዩ።»

የካቲት በገባ በመጀመሪያው እሁድ፣ ከተራራው ማዶ ካለችው ሪራ ማር ሊያመጣ የሚሄድ ጎረቤታችን በመኪናው ወሰደን። ጎባን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው መጀመሪያ ዛፉ አጠረ፤ ከዚያ ቁጥቋጦ ሆነ፤ ከዚያም ጠፋ። ሳነቴ ላይ ስንወጣ ፊታችን ድንጋይና አጭር ሣር፣ እዚህና እዚያ ደግሞ ሰው መስሎ የቆመ ጅብራ ብቻ ነበር። እናቴ ካፖርቱን መልሳ ለብሳለች። ትንፋሽ እያጠራት «ሰማዩ ቀረበኮ» ትላለች። ባለቤቴ ቀይ ቀበሮ ሊያሳያት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይፈልጋል።

ቀበሮውን ሳናገኝ ሐይቁን አገኘነው። ጎረቤታችን ሞተሩ ይቀዝቅዝ ብሎ መንገድ ዳር አቆመ። ሐይቁ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ተኝቷል፤ ሰማያዊ ነው፤ ዳክዬዎች ተበትነውበታል። በጋው ስለገፋ ውሃው ወደ መሐል ሸሽቷል። የሸሸበት መሬት ደርቆ፣ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተሰነጣጥቋል። ነፋሱ ውሃውን እየገፋ ትንንሽ ሞገድ ወደ ዳር ይልካል።

እናቴ ከመኪናው ወረደች። ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋን አወለቀች፤ ካፖርቱን ለእኔ ሰጠችኝ።

«እማዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው? ውሃው በረዶ ነው!»

«እግሬን ብቻ ነው። ከዳር።»

«ሊታመሙ ነው እማማ» አለ ባለቤቴ።

«አንተ ቀበሮህን ፈልግ።»

ቀሚሷን ሰብስባ ሄደች። የተሰነጠቀው መሬት ተሸከማት። ውሃው ጫፍ ደርሳ እግሯን ስትነክር «እሰይ!» ብላ ጮኸች። ዳክዬዎቹ ተነሱ። አንዲት ሞገድ መጥታ ቁርጭምጭሚቷን ስትመታት ወደ እኛ ዘወር ብላ በሁለት እጇ አጨበጨበች። ከዚያ አንድ እርምጃ ጨመረች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ሰመጠ።

ያንን ልታወጣ ስትታገል ሁለተኛውም ገባ።

ባለቤቴ ሮጦ ገባ፤ ብዙም ሳይርቅ ጭቃው አንድ ጫማውን ዋጠውና በአራት እግሩ ቀረ። እናቴ ቀሚሷ በወገቧ ዙሪያ ተንሳፍፎ፣ እጇን ዘርግታ፣ «አትምጣ! ባለህበት ሁን! አንተም ከገባህ ማን ሊያወጣን ነው?» ትላለች።

«እማዬ፣ አትታገዪ!» አልኳት እየጮኽኩ።

«አልታገልኩም! እሱ ነው የሚታገለኝ!»

ጎረቤታችን ገመድ ሊፈልግ ወደ መኪናው ሮጠ፤ ገመድ የለውም። ያኔ ከሐይቁ ማዶ በኩል የፈረስ ኮቴ ሰማን። አንድ ጠና ያለ ሰው፣ ጥምጣሙ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ፈረሱን እየጋለበ መጣ። ከብቶቹን ከወዲያኛው ጥግ ሲጠብቅ ሁሉንም ነገር አይቶ ነበር።

«ሱታ፣ አዮ፣ ሱታ!» አለ ከሩቅ። «ቀስ በይ እናቴ» ማለቱ ነው።

እናቴ አፋን ኦሮሞን ድሬዳዋ ገበያ ላይ ትሰማለች፤ እንደሚገባው አትናገርም። «ሱታ እንጂ፣ ወዴት እሄዳለሁ!» አለችው በአማርኛ።

ፈረሰኛው ወረደ። ብርድ ልብሱን ጭቃው ላይ ዘርግቶ ገፋላትና እሱም በአማርኛ «ቁጭ በይ» አላት። «ቤትሽ እንደምትቀመጪው ቁጭ በይበት። እግርሽ ራሱ ይወጣል።» እናቴ በዚያ በበረዶ ውሃ ውስጥ፣ ቅር እያላት፣ ተቀመጠች። ከኮርቻው ላይ ገመድ ፈትቶ ወረወረላት፤ በብብቷ ሥር አሰረችው። ቋጠሮዋን አይቶ ቅንድቡን አነሳ፤ የወደብ ሰው ሚስት ናት። ከዚያ የገመዱን ጫፍ ከኮርቻው ጋር አያይዞ ፈረሱን በልጓሙ ይዞ ወደ ኋላ መራው።

ፈረሱ አንድ እርምጃ ሄደ። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለተኛ እርምጃ ሲሄድ ጭቃው ትልቅ ድምፅ አወጣ፤ በጨዋ ቤት የማይሰማ ድምፅ። እናቴ ከነብርድ ልብሱ በሆዷ ተንሸራታ ወጣች፤ ባለቤቴን በመንገዷ ገፍታ አልፋ፣ ዳር ላይ እግሬ ሥር መጥታ አረፈች።

ጎንበስ ብዬ ሳነሳት ፊቷን ጋቢዬ ውስጥ ቀበረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መስሎኝ «አይዞሽ እማዬ፣ አለቀ፣ አለቀ» እላለሁ። ቀና ስትል እየሳቀች ነው። አገጯ ላይ ጭቃ፣ ጥርሷ በብርድ እየተንገጫገጨ፣ መተንፈስ እስኪያቅታት ትስቃለች። እኔም ያዘኝ። ባለቤቴ በአራት እግሩ እንዳለ እዚያው ሳቀ፤ ገመዱም ተረሳ፤ በመጨረሻ እሱንም ፈረሱ አወጣው። ጫማው ግን አልወጣም።

ፈረሰኛው ብርድ ልብሱን እየጨመቀ «አልሐምዱሊላህ» አለ። «በየበጋው ላም አወጣለሁ። ሰው ስጎትት የመጀመሪያዬ ነው።»

«ላሟ ታመሰግንሃለች» አለች እናቴ።

እሱም ሳቀ። እርጥብ ልብሷን አወላልቀን ካፖርቱን አልብሰን ፀሐይ ላይ ስናስቀምጣት አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ጠየቃት፦ «ምን ልታደርጊ ገባሽ አዮ?»

«ናፍቆኝ ነው። ባሕር ዳር ነበር የምኖረው።»

«ባሕር ምን ይመስላል?»

እናቴ ወደ ሐይቁ ተመለከተች። ዳክዬዎቹ ተመልሰዋል። «ይሄን ውሃ ተመልከት» አለችው። «ማዶውን አጥፋው።»

ሰውየው ማዶውን፣ ከብቶቹ የሚግጡበትን ዳርቻ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። በሐሳቡ ሊያጠፋው እየሞከረ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

«ታዲያ ከብቱ በየት ይዞራል?» አላት በመጨረሻ፣ ከልቡ አዝኖ።

«አይዞርም» አለችው። «እዚያ ሲደርስ ሁሉም ይቆማል።»

ራሱን ነቀነቀ። ባለቤቴ ብርድ ልብሱን አጥበን እንመልስልህ ብሎ ቢለምነው እምቢ አለ፤ ፈረሱ ላይ ጣለው። «ነጋቲ አዮ» ብሎ ተሰናበታት። እሷም «ነጋቲ» አለችው፣ ከሁላችንም በጠራ አነጋገር።

ሪራ ስንወርድ አየሩ ሞቀ። ማሩን የምትሸጠዋ ሴትዮ እናቴን በካፖርት ብቻ ስታያት ጥያቄ ሳትጠይቅ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች። እናቴ ስትወጣ ሰፊ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሽ አስራ፣ ሌላ ሰው ሆናለች። የሐረና ጫካ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከበታቻችን እስከ ዓይን ማለቂያ ተዘርግቷል። ሻይ በማር ጠጣን። እናቴ ሦስት ብርጭቆ ጠጣች፤ ለሴትዮዋም በአማርኛ፣ በእጅና በጥቂት ኦሮምኛ ሁሉንም ነገር ነገረቻት። ሴትዮዋ ጭኗን እየመታች ሳቀች፤ ቀሚሱንም መልሼ አልቀበልም አለች። «ያንቺ ነው። የገባሽበት ውሃ እኮ የኛ ነው» አለቻት።

ማታ ሮቤ ስንገባ ብርዱ ተመልሷል። ገንፎ ሠራሁላት፤ እግሯን በሞቀ ውሃ ዘፈዘፍኩላት። ትታመምብኛለች ብዬ ስሰጋ እሷ ጉንጯ ቀልቶ ትበላለች። ባለቤቴ በነጠላ ጫማ ቁጭ ብሎ፣ «የአማቴን ነፍስ ለማዳን ጫማ ገበርኩ» እያለ በስልክ ለወንድሙ ያወራል፤ እናቴ «የዳነውስ አንተ ነህ» ትለዋለች።

ከራት በኋላ ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ ደወለች። እናቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችው። ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። በመጀመሪያ ሐይቁ ሰፋ። ከዚያ ማዕበሉ ከፍ አለ። ፈረሱ ነጭ ሆነ፤ ቡላ ነበር። ፈረሰኛው ደግሞ ወጣትና መልከ መልካም ሆነ።

«አንቺስ?» አለች አክስቴ በድንጋጤ። «አንቺስ ምን ሆንሽ እህቴ?»

«እኔማ» አለች እናቴ፣ ትራሱን ጀርባዋ ሥር እያስተካከለች፣ «እኔማ ዋኘሁ!»

ባለቤቴ አየኝ። አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት።